አሮጌ ቅየሳን በኤክሴል ወደ ጂፒኤስ ኮርዲኔት ያመጣሁበት መንገድ

"ኢንጂነር፣ ችካሉ የለም" አለኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር በስልክ። "ጎረቤት እያረሰ እየገባ ነው። ቢሮው ደግሞ በጂፒኤስ ካልሆነ አልቀበልም ብሏል።"

መሬቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ባሕር ዛፍ ያለማበታል። ስፋቱ 11 ሄክታር ይሆናል። ከዓመታት በፊት ቶታል ስቴሽን በሚባለው ርቀትና ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ተቀይሶ፣ ድንበሩ ላይ ፌሮ ተተክሎ ሲሚንቶ ተደርጎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከፊሉን ፌሮ ሰው ነቅሎታል፣ ከፊሉን ጎርፍ ወስዶታል፣ ሌላውን አፈርና ቅጠል ቀብሮታል።

በማኅበሩ እጅ የቀረው አንድ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ውስጥ 143 ረድፍ ያለው የኤክሴል ፋይል አለ። ቁጥር፣ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ከፍታ፣ ኮድ። የመጀመሪያው ረድፍ 1000.000፣ 1000.000፣ 100.000 ይላል።

ይህን ቁጥር ያየ ቀያሽ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኮርዲኔቱ፣ ማለትም የነጥቦቹ የቦታ ቁጥር፣ የአገር ሳይሆን የሰፈር ነው። ሰውየው ትሪፖዱን ተከለ፣ የቆመበትን ነጥብ 1000 እና 1000 ነው ብሎ ሰየመ፣ በኮምፓስ ወደ ሰሜን አነጣጠረና መለካት ጀመረ። ይህን ማድረጉ ጥፋት አይደለም። በዚያ ሰዓት አጠገቡ የታወቀ ነጥብ ካልነበረ ሌላ ምን ያድርግ? በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀትና ማዕዘን ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። የጎደለው ያ ቅርጽ በምድር ላይ የት እንደተቀመጠና በምን ያህል እንደዞረ ብቻ ነው።

ስለዚህ 11 ሄክታሩን እንደገና መቀየስ አላስፈለገም። ለነገሩ ድንበሩ ከጠፋ ምኑን እቀይሳለሁ? ያስፈለገኝ በአሮጌው ፋይል ውስጥ ያሉና መሬት ላይም የቀሩ ጥቂት ነጥቦችን ማግኘት ነበር። እነሱን በጂፒኤስ ብለካ አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ የሚያገናኝ ድልድይ ይሆኑኛል። የቀረው ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡም ከኤክሴል አይበልጥም። ሊብረ ኦፊስ ካልክም ቢሆን ያው ነው፤ በነፃ ይገኛል።

ከገበሬዎቹ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ስንዞር ውለን 4 ፌሮ አገኘን። ደስ ያለኝ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቦታቸውም ነው፤ በአራቱም ማዕዘን ተበትነው ነበር። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የሚያገናኟችሁ ነጥቦች መሬቱን ዙሪያውን ይክበቡት። ሁሉም በአንድ ጥግ ከተሰበሰቡ፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት ወደ ሌላኛው ጫፍ ስትደርስ ታድጋለች። ከቁጥር አንጻር ሁለት ነጥብ ለሂሳቡ ይበቃል፤ ለእውነቱ ግን አይበቃም። በሁለት ነጥብ ሂሳቡ ሁልጊዜ ገጥሞ ስለሚወጣ ስህተት ቢኖርም አይነግራችሁም። ሦስት ዝቅተኛው ነው፤ አራት ሲሆን ሰው ተረጋግቶ ይተኛል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በእጅ ጂፒኤስ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው። የእጅ ጂፒኤስ በጥሩ ቀን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል። መንገድ ለመፈለግ ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አራቱን ነጥብ አስገብቼ ሳሰላ የመጠን ቁጥሩ 1.013 ሆኖ ወጣ። ይህ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር በ13 ሜትር ተለጥጧል ማለት ነው። በቶታል ስቴሽን የተለካ መሬት እንዲህ አይለጠጥም። ነጥቦቼ 400 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ የ4 ሜትር ስህተት ቅርጹን ሁሉ አዛባው። ፋይሉን ዘግቼ በሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚለካውን አርቲኬ ጂፒኤስ ፍለጋ ሄድኩ።

ወደ ሁለተኛው ሙከራ ከማለፌ በፊት ግን ሂሳቡን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው።

ዘዴው ሄልመርት ይባላል። ቅርጹን ሳያበላሽ ሦስት ነገር ብቻ ያደርጋል። ያንቀሳቅሳል፣ ያዞራል፣ በትንሹ ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል። ቀመሩ እንዲህ ነው።

አዲስ ምሥራቅ = ሀ × አሮጌ ምሥራቅ − ለ × አሮጌ ሰሜን + መ

አዲስ ሰሜን = ለ × አሮጌ ምሥራቅ + ሀ × አሮጌ ሰሜን + ሠ

ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሠ የምንፈልጋቸው አራት ቁጥሮች ናቸው። አንዴ ከተገኙ 143ቱም ረድፍ በአንድ ፎርሙላ ይለወጣል።

አገኛኘታቸው እንዲህ ነው። በሁለቱም በኩል የሚታወቁትን ነጥቦች በአንድ ሺት ላይ ጻፉ፤ አሮጌ ምሥራቅ፣ አሮጌ ሰሜን፣ አዲስ ምሥራቅ፣ አዲስ ሰሜን። በአራቱም አምድ ሥር አማካይ አውጡ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ቁጥር የአምዱን አማካይ ቀንሱና አራት አዲስ አምድ ሥሩ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት፤ ቀጥሎ የምንጠቀመው ፎርሙላ የሚሠራው አማካዩ በተቀነሰላቸው ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። የሰሜን ቁጥር በእኛ አገር ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲህ ትልልቅ ቁጥሮችን ማባዛት የመጨረሻዎቹን ሚሊሜትሮች ያበላሻል። አማካዩ ሲቀነስ ግን ቁጥሮቹ ትንንሽ ይሆናሉ፣ ሂሳቡም ንጹህ ይወጣል።

አሁን በተቀነሱት አምዶች ላይ ሰምፕሮዳክት የሚባለውን ፎርሙላ ተጠቀሙ። አካፋዩ የአሮጌ ምሥራቅ ካሬ ድምር ሲደመር የአሮጌ ሰሜን ካሬ ድምር ነው። ሀ ለማግኘት አሮጌ ምሥራቅን በአዲስ ምሥራቅ፣ አሮጌ ሰሜንን በአዲስ ሰሜን አባዝታችሁ ደምሩና ለአካፋዩ አካፍሉ። ለ ለማግኘት ደግሞ አሮጌ ምሥራቅን በአዲስ ሰሜን አባዙ፤ ከዚያ ላይ አሮጌ ሰሜን በአዲስ ምሥራቅ ተባዝቶ የሚወጣውን ቀንሱና ለዚያው አካፋይ አካፍሉ። መ እና ሠ ከአማካዮቹ ይወጣሉ። አማካዮቹን ከላይ ባለው ቀመር ውስጥ ከታችሁ የሚጎድለውን ማግኘት ነው።

የሀ ካሬና የለ ካሬ ተደምረው ካሬ ሩታቸው ሲወጣ የመጠን ቁጥሩን ይሰጣችኋል። መዞሩን ኤታን2 ይሰጣችኋል። ኤክሴል ላይ ኤታን2 ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ሀ ነው፣ ከዚያ ለ። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚወጣውም በራዲያን ነውና ወደ ዲግሪ ቀይሩት።

ሺታችሁን በእውነተኛ መሬት ላይ ከማዋላችሁ በፊት በዚህ ፈትኑት። አራት አሮጌ ነጥቦች አሉ፤ ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ምሥራቅ፣ ከዚያ ሰሜን ነው። (0፣ 0)፣ (100፣ 0)፣ (100፣ 100)፣ (0፣ 100)። አዲሶቹ በቅደም ተከተል (500፣ 200)፣ (560፣ 280)፣ (480፣ 340)፣ (420፣ 260) ናቸው። ሺቱ ትክክል ከሆነ ሀ 0.6፣ ለ 0.8፣ መ 500፣ ሠ 200 ይወጣል። መጠኑ ልክ 1፣ መዞሩ 53.13 ዲግሪ ይሆናል። ሌላ ቁጥር ከወጣ አንድ አምድ ተሳስቷል ወይም ሴሉን የሚያስረው የዶላር ምልክት ጠፍቶ ፎርሙላው ሲጎተት ተንሸራቷል።

የመጨረሻው አምድ ቀሪ ስህተት ነው። በቀመሩ የተገኘውን ቁጥር በጂፒኤስ ከተለካው ቀንሱ። ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ በምሥራቅም በሰሜንም። እኔ ውጤቱን ከማየቴ በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደዚህ አምድ ነው። ሦስት ነጥብ በሁለት ሴንቲ ሜትር ገጥሞ አንዱ በግማሽ ሜትር ከወጣ፣ ያ ፌሮ ተነቅሎ በሌላ ቦታ ተተክሏል ወይም ቁጥሩ ሲጻፍ ተሳስቷል። ሁሉም በብዙ ሜትር ከተዛቡ ደግሞ ምሥራቅና ሰሜን ተለዋውጠው እንደሆነ አረጋግጡ። አንዳንድ ቶታል ስቴሽን ሰሜንን አስቀድሞ ነው የሚያወጣው። አምዱ ሲለዋወጥ ቅርጹ በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል። ሄልመርት ማዞር እንጂ መገልበጥ ስለማይችል ምንም ቢያደርግ አይገጥምም።

ወደ ሁለተኛው ሙከራ ልመለስ። አርቲኬውን ተከራየሁ። ቤዙ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚውለው የማሽኑ ክፍል፣ የሚቆምበት የታወቀ ነጥብ ያስፈልጋል። አንድ ቢሮ በአቅራቢያው ያለ የቆየ ቤንችማርክ ቁጥር ሰጠኝ። በወረቀት ላይ ምሥራቅና ሰሜን ብቻ ተጽፏል። አስገባሁት። ማሽኑ ከሳተላይት ካገኘው ቦታ ይለያል ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የቢሮ ቁጥር ነው ብዬ "እሺ" የሚለውን ተጭኜ አለፍኩ።

አራቱን ፌሮ ለካሁ። ኤክሴል ላይ ሳሰላ ቀሪ ስህተቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አልበለጠም። በጣም ደስ አለኝ። ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ በጎግል ኧርዝ ላይ ስጭነው ግን መሬቱ በሙሉ ከባሕር ዛፉ ወጥቶ የሰው ማሳ ላይ ተኝቷል። ቅርጹ አልተበላሸም፣ መጠኑም ልክ ነው። ብቻ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቷል።

ያን ሌሊት ቤዙ ቀን ሙሉ የመዘገበውን ዳታ ራይኔክስ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሬ አውስፖስ ወደሚባለው የአውስትራሊያ መንግሥት ነፃ አገልግሎት ላክሁ። ለየትኛውም አገር ይሠራል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የተመዘገበ ዳታ ካላችሁ በኢሜይል አስተማማኝ ኮርዲኔት ይልክላችኋል። መልሱ ሲመጣ ከቢሮው ቁጥር ጋር አስተያየሁት። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 207 ሜትር ግድም ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በኢትዮጵያ መሬት የምትቀይሱ ሁሉ በቃል ያዟቸው። ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያሉ፤ በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ግን በዚህ አካባቢ ናቸው። በአዲንዳንና በደብሊውጂኤስ 84 መካከል ያለው ልዩነት ማለት ናቸው። አዲንዳን የድሮው ዳተማችን፣ ማለትም ኮርዲኔት የሚቆጠርበት መነሻችን ነው፤ የምድርን ቅርጽ የወሰደው ክላርክ 1880 ከሚባለው ልኬት ነው። በካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት 1 ለ50,000 ካርታዎች በእሱ ላይ ናቸው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም በዩቲኤም፣ ማለትም ምድርን በዞን ከፋፍሎ ቦታን በሜትር በሚጽፈው የካርታ ዘዴ፣ በዞን 37 ሲጻፉ ቁጥራቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም ስድስትና ሰባት አሃዝ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። የሰጠኝ ሰው አልዋሸም። እኔ ነኝ "በየትኛው ዳተም ነው?" ብዬ ያልጠየቅሁት።

ከዚህ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቀሪ ስህተት ነጥቦቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ይናገራል እንጂ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን አይናገርም። ሁሉም አብረው ከተንሸራተቱ አምዱ ዜሮ እያሳየ ይቀጥላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሌላ ማረጋገጫ የግድ ነው።

አዲንዳንን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሚቀይሩ፣ ከምድር መሐል በሦስት አቅጣጫ የሚለኩ የታወቁ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ለኢትዮጵያ −165፣ −11 እና 206 ሜትር። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ይህን ቅየራ ይሠራል። ግን እነዚህ የአገር አማካይ ስለሆኑ ጥቂት ሜትር ሊስቱ ይችላሉ። ለካርታ ይበቃሉ፤ ለድንበር አይበቁም። እኔ የቤዙን ትክክለኛ ቁጥር አስገብቼ አራቱን ነጥብ እንደገና አሰላሁ።

አሁን ቀሪ ስህተቱ 2፣ 1፣ 3 እና 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንዱን ነጥብ ትቼ በሦስቱ ብቻ ሳሰላ የተተወው በ4 ሴንቲ ሜትር ገጠመ። መዞሩ ሁለት ዲግሪ ተኩል ግድም ነው። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንና የካርታው ሰሜን ስለሚለያዩ ይህ ይጠበቃል። መጠኑ ደግሞ 0.99921 ወጣ።

ብዙ ልጆች እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርሱ "1 መሆን ነበረበት" ብለው ይደነግጣሉ። እዚህ ቦታ ላይ 1 ከወጣ ነው መደንገጥ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዩቲኤም በዞኑ መካከለኛ መስመር ላይ ርቀትን በ0.9996 ያሳንሳል። የዞን 37 መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ እኛ ያለንበት ከዚያ 58 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ቁጥሩ 0.99964 ይሆናል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ቦታው ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ይላል። የምድርን ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትርን ከፍታው ለተደመረበት 6,373.8 አካፍሉ፤ 0.99956 ይመጣል። ሁለቱ ሲባዙ 0.99920። ከኤክሴሉ ጋር ገጠመ። የዚያን ቀን ልቤን ያሳረፈው ይህ ነው፤ በሁለት የተለያየ መንገድ አንድ ቦታ ደረስኩ።

ይህ ቁጥር ግን ከስፋት ጋር ሲገናኝ ሰው ያጣላል። ስፋት ሲሰላ መጠኑ ሁለት ጊዜ ይባዛል። በአሮጌው ቅየሳ 110,000 ካሬ ሜትር የነበረ መሬት በዩቲኤም ኮርዲኔት ሲሰላ 109,826 ይሆናል። 174 ካሬ ሜትር የት ሄደ? ከተማ ውስጥ ቢሆን ቤት ይሠራበታል። የትም አልሄደም። መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተሳለበት ወረቀት ነው። ለማኅበሩ ሳስረክብ ሁለቱንም ስፋት ጻፍኩ፤ "መሬት ላይ" እና "በዩቲኤም ካርታ ላይ" ብዬ። ሊቀመንበሩ ምክንያቱን እስኪያውቅ ድረስ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። ነገ ሌላ ቀያሽ መጥቶ "መሬታችሁ ተቆርጧል" ቢላቸው መልስ ይኖራቸዋል።

ስለ ፋይሉ ደግሞ አንድ ነገር። ከኤክሴል ሲኤስቪ ወደሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ስታስቀምጡ የሚቀመጠው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ አድርጋችሁት ከሆነ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ እንዲያሳይ አድርጉ። ከላይ ባለው ረድፍ ላይም ዳተሙን፣ ዞኑን፣ የተለካበትን ቀን፣ አራቱን ቁጥሮችና ቀሪ ስህተቶቹን ጻፉ። ዳተም ያልተጻፈበት ኮርዲኔት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። አገራችን በሦስት ዞን ላይ ተዘርግታለች፤ ምዕራቡ ጫፍ 36፣ ምሥራቁ 38 ነው። ዞኑ ካልተጻፈ አንዱ ቦታ ከሌላው ጋር ይምታታል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መሬቱ ተመለስን። ከ143ቱ ውስጥ ማንም ሊያገኘው ያልቻለውን አንድ የድንበር ነጥብ መርጬ አርቲኬው ውስጥ ጫንኩ። ባሕር ዛፉ መሐል ገባን። ቅርንጫፉ ሳተላይቱን ይጋርዳልና ትንሽ መጠበቅ ነበረብን። ማሽኑ ሲረጋጋ ዘንጉን አቆምኩ። ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው።

አብረውን የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ቦታውን ዞር ዞር ብለው አዩት። "እዚህ አካባቢ ነበር ልጄ" አሉኝ። "ያኔ ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ይቆፈር አባባ" አልኳቸው።

አንድ ወጣት በዶማ ጀመረ። ቅጠሉ ተነሳ፣ ጥቁር አፈር መጣ። አንድ ክንድ ያህል ሲወርድ ዶማው ከደረቅ ነገር ጋር ተጋጨ። አዛውንቱ ተንበርክከው በእጃቸው ጠረጉት። ግራጫ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ የዛገ የፌሮ አናት። ሜትር አውጥቼ ከዘንጌ ጫፍ እስከ ፌሮው ለካሁ። 3 ሴንቲ ሜትር።

ጎረቤቱ ማሳው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። መጣና እሱም በሜትሩ ለካ። ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ የቀሩትን የድንበር ነጥቦች አንድ በአንድ ስንተክል ፌሮውን ሲያቀብለን የነበረው እሱ ነው። ሲሚንቶውን ያቦኩት አዛውንቱ ናቸው።